ራስሚያ የፈታችው ገመድ

በስደተኞቹ ካምፕ ውስጥ የራስሚያን አፍ የማይፈራ ሰው አልነበረም። ካምፑን የሚወረውን ጦር የማይፈሩት ልጆች እንኳ መሣሪያቸውን አንግተው በቅያሱ ሲያልፉ፣ በሯ አጠገብ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ዝቅ ካላደረጉ ትወጣለች። ከወጣች ደግሞ ማን የማንን ዶሮ እንደሰረቀ፣ ማን እስከ ስንተኛ ክፍል አልጋው ላይ ይሸና እንደነበር አንድም ሳታስቀር ትዘረግፈዋለች። ግማሾቹ እጇ ላይ ያደጉ ስለሆኑ የሚመልሱት የላቸውም።

ሰው የሚጠራት በአንድ ልጇ ስም «ኡሙ ወጅዲ» እያለ ነው፤ የወጅዲ እናት። ባሏ ልስን ሠራተኛ ነበር። ወጅዲ ገና ድክ ድክ ሲል ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ሞተ። ወንድሞቿ «ገና ወጣት ነሽ፣ አግቢ» ቢሏት «የአንዱ አፈር ሳይደርቅ ሌላ ልታመጡልኝ ነው?» ብላ ፊት ነሳቻቸው፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩን ያነሳባት የለም። ልጇን ያሳደገችው መፍቱል ሠርታ በመሸጥ ነው። የስንዴ ቅንጬ ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግታ፣ ውሃና ዱቄት እያርከፈከፈች በመዳፏ ታሽከረክረዋለች። ፍሬ ፍሬ ሲሆንላት በእንፋሎት ታበስለውና ጣሪያዋ ላይ አንሶላ አንጥፋ ፀሐይ ታስመታዋለች። በካምፑ ሰርግ ሲኖር፣ የታሰረ ሲፈታ፣ ሐጅ የሄደ ሲመለስ፣ ከዶሮና ከሽምብራ ጋር የሚቀርበው መፍቱል የእሷ ነው። ፀሐይ ያላገኘ መፍቱል ይሻግታል። ፀሐዩን ደግሞ ልጆቹ ወሰዱባት።

በዚያ ካምፕ «ልጆቹ» ሲባል የማን ልጆች ተብሎ አይጠየቅም። መሣሪያ ያነሱት ናቸው። ከሌላ አገር የመጡ አይደሉም፤ አንዱ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ነው፣ አንዱ ትምህርቱን ያቋረጠ ነው፣ አንዱ ወንድሞቹን የቀበረ ነው። ለራሳቸው ረጅም የጦር ስም አውጥተው ግድግዳው ላይ በትልልቁ ጽፈዋል፤ በዚያ ስም የሚጠራቸው ግን አልተገኘም። ከሰማይ ሆና ከምትከታተላቸው የጦሩ ድሮን ለመሰወር ሲሉ ቅያሶቹን ሁሉ ከጣሪያ ጣሪያ በጥቁር ሸራ ሸፈኗቸው። የራስሚያ ቤት በሁለት ረጃጅም ቤቶች መሃል የተቀረቀረ አጭር ቤት ስለሆነ፣ ሸራው ቅያሱን ብቻ ሳይሆን ጣሪያዋንም ዋጠው።

ሊሰቅሉት የመጡ ዕለት መሰላሉ ስር ቆማ ጠበቀቻቸው። አለቃቸው ነዋፍ ይባላል። ጺሙ በወጉ ያልገጠመ፣ ከዕድሜው በላይ የደከመው፣ ሳቅ የረሳ ልጅ ነው።

«ነዋፍ፣ ሰማይ የማን ነው?» አለችው።

«የአላህ ነዋ አክስቴ።»

«ታዲያ አንተን መቼ ነው ወኪል ያደረገህ?»

ልጆቹ ሳቁ። ነዋፍም ከንፈሩ ሊከዳው ምንም አልቀረው። «አክስቴ፣ ያቺ ላያችን ላይ የምታንዣብበው ነገር እኮ አንቺንም ታይሻለች።»

«ትየኝ። ምን ልታገኝ ነው? መፍቱል ነው የምታየው። ከራባት ወርዳ ትብላ።»

«ልጅሽንም ታየዋለች» አለ ነዋፍ፣ ቀስ ብሎ።

ራስሚያ ቀና ብላ አየች። መሰላሉ ጫፍ ላይ ወጥቶ በእሷ በኩል ያለውን ገመድ ከጣሪያው ፌሮ ጋር ይቋጥር የነበረው ወጅዲ ራሱ ነበር።

ወጅዲ ፀጉር አስተካካይ ነበር። እጁ የተመሰገነ፣ ወሬ የማያበዛ፣ ሽማግሌ ሲላጭ ትንፋሹን ይዞ የሚላጭ ልጅ። አንድ ክረምት ጦሩ ገብቶ ያንን ሰፈር በግሬደር ሲያርሰው ፀጉር ቤቱ ከነመስተዋቱ ፈረሰ፤ አብሮት የሚሠራው ጓደኛውም ፍርስራሹ ስር ቀረ። በእጁ ቆፍሮ ያወጣው ወጅዲ ነው። ከዚያ በኋላ መቀስ አልያዘም። ራስሚያ ያላደረገችው የለም። ለመነች፣ ተሳደበች፣ በጥፊ መታችው፤ አንድ ቀንማ ጫማውን ሁሉ ሰብስባ ጎረቤት ደበቀችበት።

«እማ፣ በባዶ እግሬም እሄዳለሁ» አላት።

«ሂድ። እሾህ ይውጋህና ወደ እኔ ተመለስ።»

በአባቱ ነጠላ ጫማ ሄደ። ሲመለስም በሱው ተመለሰ። አልፎ አልፎ ገላውን ሊታጠብ፣ ትኩስ ምግብ ሊቀምስ ሹልክ ብሎ ይመጣል፤ ሲበላ አጠገቡ ተቀምጣ ታየዋለች። ጉርሻውን ሳይጨርስ «አግባ» ትለዋለች። ሌላ ምክር አልቀራትም። ሚስት ያለው ሰው ቤቱ ይውላል፣ ልጅ የወለደ ሰው ደግሞ ሞትን ይፈራል ብላ ቆርጣለች። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ አንድ ቀን፣ አይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ፣ «የሱሃድን ቤት ጠይቂልኝ» አላት። ከካምፑ ላይኛው በኩል ያለች ልጅ ናት። ራስሚያ ደነገጠች።

«እና ያ ብረትህስ?»

«ከተስማሙ ለነዋፍ እመልስለታለሁ። ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለህ?»

«‹እንኳን ደስ አለህ፣ እኔንም ከሰርግህ አትርሳኝ› አለኝ።»

እንግዲህ በዚያ ሳምንት ራስሚያ የያዘችው ነገር ይህ ነበር። ጁምዓ ዕለት ሽማግሌ ሊላክ ነው፤ ሽማግሌዎቹ እሺታ ይዘው ከተመለሱ ልጇ ከሞት ተመለሰላት ማለት ነው። ለሽማግሌዎቹና ለሰፈሩ የሚበቃ መፍቱል ስታንከባልል እጇ አበጠ። ሰማዩ ግን በዚያው ሳምንት ውሃውን ለቀቀው። ዝናቡ አላቋርጥ አለ፣ ከሸራው ስር ያለው ጣሪያ ረጠበ፣ ቤቱ ውስጥ ያሰጣችውም መፍቱል መሽተት ጀመረ። ረቡዕ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። ራስሚያ አንዱን ፍሬ አፍንጫዋ ስር አድርጋ አሸተተችው። ዛሬ ፀሐይ ካላገኘ ለውሻ ነው።

ጣሪያዋ ላይ ወጣች። በእሷ በኩል ያለውን የወጅዲን ቋጠሮ ለመፍታት ታገለች፤ ጥፍሯ እስኪደማ ጎተተችው፣ ንቅንቅ አልል አለ። «እዚህ ልጅ እጅ የገባ ነገር አይወጣም» አለችና በመሰላል ወደ ጎረቤቷ ጣሪያ ተሻገረች። ጎረቤቷ ፋቲያ ናት። ሁለቱ ገና ሙሽራ ሳሉ ጀምሮ በጣሪያ ላይ ጨው ሲዋዋሱ የኖሩ ናቸው፤ ማስፈቀድ የሚባል ነገር በመሃላቸው የለም። በዚያ በኩል ገመዱን ያሰረው ከልጆቹ አንዱ ቸኩሎ ነበር መሰለኝ፣ እንደነካችው ተፈታ። ሸራውን ጠቅልላ፣ እንዳይመለስባት፣ ከልብስ ማስጫው ላይ ባወረደችው በራሷ ነጭ የስግደት ሻሽ ከፋቲያ የውሃ ታንከር ጋር አዙራ አሰረችው። ፀሐይ ጣሪያዋ ላይ ፈሰሰ። አንሶላውን አነጠፈች፣ መፍቱሉን በተነችው፤ ለራሷም ትንሽ ቆማ ፊቷን አሞቀች። የቀትሩ ዙህር ሲሰገድ እመልሰዋለሁ አለች በልቧ። ከልቧም ነበር።

ብዙም ሳትቆይ የሱሃድ እናት ላከችባት፤ የጁምዓውን ነገር እንመካከር ብላ። እዚህ ጉዳይ ላይ የማይሮጥ እናት የለም። ሻሽ ደርባ ሄደች። ማን የት ይቀመጥ፣ ማን ይናገር፣ የልጅቷ አጎት አኩራፊ ነውና ማን ቀድሞ ይሳመው ሲባባሉ የዙህር አዛን አለ፤ እዚያው ሰገደች። ሸራው ከሐሳቧ ጠፍቶ ነበር። የሱሃድ እናት «እንግዲህ ልጅሽ ልጃችን ነው» ስትላት፣ ራስሚያ ከስንት ዓመት በኋላ ከልቧ ሳቀች።

ፍንዳታው የተሰማው ያኔ ነው። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

ወጅዲ ወደ ቤት እየመጣ ነበር። ለጁምዓ የተገዛለትን ሸሚዝ ሊለካ ነው፤ አብሮት ሙአየድ የሚባል ጓደኛው ነበር። ሁለቱም በዚያ ቅያስ ላይ ሸራ አለ ብለው ነው የሄዱት። ለወራት ቀና ብሎ ማየት የተወ ሰው ቀና አይልም። ራስሚያ እየሮጠች ስትደርስ ሰው መንገድ ለቀቀላት። ልጇ ከገዛ በሩ ፊት ለፊት ወድቋል። ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አደረገችው፤ ከዚያ ወደ ላይ ስታይ ከጣሪያዎቹ መሃል ሰማይ አየች። ሰማያዊ፣ ጥርት ያለ ሰማይ። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባት።

አልጮኸችም። ሰው ይህን ጽናት ነው አለ።

በዚያው ቀን ቀበሩት። የወጅዲ ፎቶ በየግድግዳው ተለጠፈ፤ ልጆቹ ወደ ሰማይ ተኮሱ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። «አላህ ያጥናሽ፣ የሸሂድ፣ የሰማዕት እናት» እያሉ እጇን፣ ግንባሯን፣ ትከሻዋን ሳሟት። እሷ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ገመዱን ታስባለች። ዙህር፣ አለች በልቧ። ዙህር እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። 

በማግስቱ ሐዘንተኛው ክፍሉን ሞልቶት ሳለ፣ ከሴቶቹ አንዷ ከጎኗ ላለችው ስታንሾካሹክ ሰማቻት።

«ተያዘ እኮ።»

«ማን?»

«ዘኪ ነዋ፣ የፋቲያ ልጅ። ገመዱ አልተቆረጠም፣ ተፈትቷል፤ በነሱ ጣሪያ በኩል ነው የተፈታው። ነጭ ጨርቅ ሰቅሎ ነው አሉ ለጦሩ ምልክት ያሳየው።»

«እኔ ድሮም ጠርጥሬው ነበር። የሁሉም የሥራ ፈቃድ ሲሰረዝ የሱ ብቻ ለምን ታደሰ?»

ዘኪ ጦሩ ከሚጠብቀው ግንብ ማዶ በፈቃድ እየተሻገረ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ልጅ ነው። ከወጅዲ ጋር አብሮ ያደገ፣ ለፋቲያም አንድ ልጇ ነው። ሸራው የተሰቀለ ሰሞን «እሳቱን በር ድረስ ጠርታችሁ ልታመጡብን ነው» ብሎ ልጆቹን በአደባባይ ተናግሯል። ሰፈሩ ሁሉ በሆዱ የሚያስበውን ነው የተናገረው፤ ግን ጮክ ብሎ የተናገረው እሱ ብቻ ስለሆነ ተያዘበት።

«ምን ያደርጉታል?» አለች የመጀመሪያዋ።

«ጠቋሚን ምን ያደርጉታል? ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት ቀጥሎ ነው አሉ።»

ይህን እያወሩ ፋቲያ ራሷ በሩ ላይ ታየች። ጥቁር ሻሽ ደርባለች፤ ለቅሶ ልትደርሳት ነው የመጣችው። በሩ አጠገብ ያሉት ሴቶች ተነስተው ቆሙባት። አንዷ «አይንሽን በጨው ታጥበሽ መጣሽ?» አለቻት። ፋቲያ በሴቶቹ ትከሻ ላይ አሻግራ ራስሚያን አየቻት። ራስሚያ አንገቷን ደፋች።

ይህን ማለባበስ አያስፈልግም። ዝም አለች፤ የአርባ ዓመት ጎረቤቷን ከበሯ ሲመልሷት እያየች ዝም አለች። ዘኪ ጠቋሚ ከሆነ ወጅዲን የገደለው ዘኪ ነው። ዘኪ ካልሆነ ግን ማን እንደሆነ ታውቃለች። እናት ከእነዚህ ሁለት አንዱን ምረጪ ብትባል የትኛውን እንደምትመርጥ አላህ ያውቃል። የፋቲያ እግር ኮቴ ከቅያሱ ጠፋ። ሴቶቹ ተመልሰው ተቀመጡ፣ ቁርዓኑ ቀጠለ።  ራስሚያ ግድግዳውን ይዛ ተነሳችና ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።

ልጆቹ የሚሰበሰቡት በድሮው የስፌት ማሠልጠኛ ነው። በሩ ላይ የቆመው ሊያስቆማት እጁን ዘረጋ፤ የወጅዲን እናት መሆኗን ሲያይ እጁ ወረደ። ውስጥ ነዋፍ ተቀምጧል። እንቅልፍ ካየ ስንት ቀኑ እንደሆነ እንጃ፣ አይኑ ደም መስሏል።

«አክስቴ፣ አንቺ ለምን መጣሽ? እኛ እንመጣልሽ ነበር።»

«ዘኪን ፍታው።»

«አክስቴ…»

«ሸራውን የፈታሁት እኔ ነኝ።»

ነዋፍ ተነስቶ ወንበሩን ሰጣት። አልተቀመጠችም። በሐዘኔታ ነበር የሚያያት። «ፋቲያ ለመነችሽ አይደል? ልብሽን አውቀዋለሁ። የወጅዲን ደም ግን በምሕረት አናልፈውም።»

«ማንም አልለመነኝም። ለጁምዓ የሠራሁት መፍቱል ሊበላሽብኝ ሆነ። በኔ በኩል ያለው ቋጠሮ እምቢ አለኝ፣ ወጅዲ ነው ያሰረው። ስለዚህ በነሱ በኩል ፈታሁት። ዙህር ልመልሰው አስቤ የሱሃድ እናት ጋ ሄድኩ፤ ረሳሁት።»

«አክስቴ፣ ሐዘን ሰውን ያላደረገውን ያሳስበዋል።»

«ታንከሩ ላይ ያገኛችሁት ጨርቅ የታለ?»

ነዋፍ አይኑን ወደ መሳቢያው ጣለ።

«የስግደት ሻሽ ነው። አንዱ ጥግ በካውያ ተቃጥሏል፤ ወጅዲ ነው ያቃጠለው፣ ልተኩስልሽ ብሎ። የተቃጠለውን በነጭ ክር ጥልፍልፍ አድርጌ ሰፍቼዋለሁ። አምጣና እየው።»

ነዋፍ መሳቢያውን ከፍቶ ጨርቁን አወጣ። ጥግ ጥጉን በጣቱ ሲፈትሽ ቆየና ነጩ ክር ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ልጆች አንድ በአንድ አይናቸውን ሰበሩ። ነዋፍ ቁጭ አለ። ሻሹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ልጅ በእጁ ያሸዋል።

«ልንገድለው ነበር» አለ፣ ለራሱ።

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው የመጣሁት።»

«ዘኪን እለቀዋለሁ። አንቺ ግን ይህን ለማንም አትንገሪ። ለሰው ‹ገና እያጣራን ነው› እንላለን። የሸሂድ እናት ነሽ አክስቴ። ሰው ይህን ከሰማ ነገ በምን አይን ያይሻል?»

ይህን ልጅ በሕፃንነቱ ትኩሳት ሲይዘው እግሩን በቀዝቃዛ ውሃ ያጠበችው ራስሚያ ናት። አሁን ሊያድናት እየለመናት እንደሆነ ገባት፤ እሷን ብቻ ሳይሆን ራሱንም። ልጆቹ ተሳስተዋል፣ ንጹሕ ሰው ሊገድሉ ነበር የሚባለውን ፈርቷል። አላዘነችለትም አይባልም።

«ነዋፍ፣ ‹እያጣራን ነው› ስትል ዘኪ ምን ይሆናል? ሲያገባ ማን ልጁን ይሰጠዋል? እናቱስ ነገ ዳቦ ቤት ስትሰለፍ ማን አጠገቧ ይቆማል? እኔ አንድ ጊዜ ዝም ብያለሁ፣ ዛሬ። ይበቃኛል።»

ሻሿን ከጉልበቱ ላይ አንስታ ወጣች።

ሐዘን ቤቱ እንደሞላ ነበር። መሃል ላይ ቆማ፣ ያንን ሰፈሩን ሲያንቀጠቅጥ የኖረ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ለነዋፍ የነገረችውን ደግማ ነገረቻቸው። አንዷ «ሐዘኑ ነው፣ አስተኟት» አለች። ራስሚያ ሻሹን ዘርግታ አሳየቻቸውና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ስትጨርስ የሙአየድ እናት፣ ያም ልጅ በዚያው ቅያስ ነው የሞተው፣ ቀስ ብላ ተነሳች፤ ራስሚያን ሳትሰድብም ሳትስምም አለፈቻት። ከዚያ ሌሎቹ ተነሱ። የሱሃድ እናት በሩ ላይ ትንሽ ቆማ ነበር፤ እሷም ሄደች።

ከቆይታ በኋላ ፋቲያ ገባች። ከራስሚያ ጎን ፍራሹ ላይ ተቀመጠች።  የምሽቱ መግሪብ ሶላት ሳይደርስ ዘኪም መጣ። ከንፈሩ አብጧል፣ ግንባሩ ተፈንክቷል፣ ሸሚዙ ላይ ደም አለ። በሐዘን ወግ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አላህ ያጥናሽ አክስቴ» አላት።

ራስሚያ አየችው። በቁመት ከወጅዲ ጋር እኩል ነበር። ሲተነፍስ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ያን ደረት ስታይ ጠላችው፤ በሕይወት በመኖሩ ብቻ ጠላችው።

«ቁጭ በል» አለችው።

ተቀመጠ። «አክስቴ፣ ነዋፍ በዝምታ ሊለቀኝ ነበር አሉኝ። ለሰው ሁሉ መናገር አልነበረብሽም። እኔ ለዚህ ውለታሽ…»

«ውለታ አትበለኝ» አለችው። «አሁን አንተን ሳይ ምነው ዝም ባልኩ ነው ያልኩት። እናትህ እዚሁ ተቀምጣ እየሰማች ነው የምነግርህ። ነገም ስትመጣ እንደዚያው እላለሁ መሰለኝ። ይቅር በለኝ።»

ፋቲያ እጇን ያዘቻት። 

«ግን ና» አለችው ራስሚያ። «ነገም ና።»

ዘኪ በማግስቱ መጣ።